ጅማ ላይ የአንባቢና የጸሐፊ በዓል ለመጀመር ምን ትመክሩናላችሁ? የአየርላንዶቹን በዓይኑ ያየ አለ?

ሰብለ ከኮቺ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት ሆነን፣ አሥራ አንድ ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት ጀበና ቡና ቤት እየተገናኘን እናነባለን። ነርስ አለች፣ ባጃጅ ሹፌር አለ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ አንድ በርጩማ የሚሠራ እንጨት ሠሪም አለ። እሱ ከሁላችንም በላይ ያነባል። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት ሰው ነው የምንዋዋሰው፤ የመጽሐፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ።

ሰሞኑን ስለ አየርላንድ የክፍለ ሀገር ከተሞች የሥነ ጽሑፍ በዓላት ሳነብ ከርሜ ነበር። ልቤን የወሰደችው ሊስቶዌል ናት። ኬሪ በሚባለው አውራጃ ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት፣ ነዋሪዋ አምስት ሺህ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የጸሐፍት ሳምንት የሚሉትን በዓል ጀመሩና እስከ ዛሬ በግንቦት መጨረሻ ያከብሩታል። አገሩ ራሱ አምስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነው ያለው፤ በሥነ ጽሑፍ ግን ዬትስ በ1923፣ ሾው በ1925፣ ቤኬት በ1969፣ ሂኒ በ1995 ኖቤል ወስደዋል።

እኔን ግን ከኖቤሉ ይልቅ የገረመኝ በዓሉን እነማን እንደጀመሩት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ብራያን ማክማሆን እንደኔ አስተማሪ ነው፣ የአንደኛ ደረጃ። ሌላው ጆን ቢ ኪን መሸታ ቤት ነበረው። ሲቀዳ አምሽቶ፣ ደንበኛ ሸኝቶ፣ በሩን ዘግቶ ይጽፍ ነበር። "ሳይቭ" የሚለውን ተውኔቱን ደብሊን ያለው አቢ ቴአትር አልፈልግም ብሎ መለሰበት። የከተማው ልጆች፣ አማተሮቹ፣ ራሳቸው ሠሩትና በ1959 የአገር አቀፉን የአማተር ቴአትር ውድድር አሸነፉ። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ጥያቄዬ። እኛስ ከየት እንጀምር? አምና ሞክረን ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሹን ፈቀደልን፣ ግብዣውን በተንን፣ በዕለቱ ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ስልክ ብንደውል የሚያነሳ የለም። ስልሳ የሚሆን ሰው ዝናብ ላይ ቆመ። ልጆች ግጥማቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ስትሄድ አየኋት፣ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሰው ለመጥራት እፈራለሁ። ቦታውን፣ ጊዜውን፣ ማንን እንደምንጋብዝ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደምናደርገው፣ የምታውቁትን ሁሉ ንገሩኝ።

ዳዊት ዘደብሊን፦

ሰብለ፣ ሰላም ነው? እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፣ አሁን ኑሮዬ ደብሊን ነው። ሊስቶዌል አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ባቡር እዚያ ድረስ አይገባም። ትራሊ ላይ ወርደሽ በአውቶቡስ ነው የምትቀጥዪው። ከተማዋ መሐል አደባባይ አለ፣ አደባባዩ መሐል ደግሞ አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዛሬ ቴአትር ቤት ሆኗል። ኪን በነሐስ ቆሞ መንገደኛውን እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። በከተማዋ ዳር ፊል የሚባል ወንዝ ያልፋል፤ ድልድዩ ላይ ቆሜ የጅማው ወንዛችን አዌቱ ትዝ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ትልቅ አዳራሽ እጠብቅ ነበር። ግን አንዱ ዝግጅት ሆቴል ውስጥ ነው፣ አንዱ መሸታ ቤት፣ አንዱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ መንገድ ላይ። ጠዋት የአጻጻፍ ሥልጠና አለ፤ ጡረታ የወጡ ገበሬዎችና የቤት እመቤቶች ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። ለልጆች ለብቻው አለ። ስም ያለው ደራሲ አንብቦ ሲጨርስ ከሰው ጋር ተሰልፎ ሻይ ይቀዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰልፍ ላይ አጠገቤ የነበሩ እናት ከየት ነህ አሉኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው "ደርቭላ መርፊን አንብበሃል?" አሉኝ። አላነበብኩም ነበር። እኚህ ሴት ሊስሞር የሚባል ከተማ የተወለዱ የጉዞ ጸሐፊ ናቸው፣ በ2022 ነው ያረፉት። በ1963 ከአየርላንድ ህንድ ድረስ በብስክሌት የሄዱ ናቸው። እኛም አገር መጥተው ከሰሜን ተነስተው ተራራውን እየወጡ እየወረዱ፣ ጆክ ያሏትን በቅሎ እየነዱ፣ በእግራቸው አዲስ አበባ ገብተዋል። ስለዚያ ጉዞ የጻፉት መጽሐፍ በ1968 ወጣ። ሴትየዋ የበቅሎዋን ድካም እንደ ዘመድ ድካም ነው ያወሩልኝ። ጸሐፊ አልነበሩም፤ ጎረቤት ከተማ ሱቅ የነበራቸው አንባቢ ናቸው። በየዓመቱ ይመጣሉ። በዓሉን በዓል ያደረጉት እንደሳቸው ያሉት ናቸው ብዬ ነው የማምነው። ሊስሞርም የራሷ የጉዞ ጽሑፍ በዓል አላት፣ ኢምራማ ይባላል።

ስለዚህ የኔ ምክር አጭር ነው። አዳራሹን እርሺው። ቡና ቤታችሁ በሩ የሚከፈትላችሁ ቤት ነው፣ እዚያው ጀምሩ።

የሂርማታ ሽማግሌ፦

ልጄ ሰብለ፣ በመጀመሪያ ለሠራሽው ሥራ አመሰግንሻለሁ። ተቆልፎ የጠበቃችሁን በር ሳነብ ተናድጃለሁ፣ ለተማሪሽም አዝኛለሁ።

ዳዊት ልጄ ያለው ጥሩ ነው፣ ግን የጎደለ አለ። አየርላንዶቹ በባዶ ሜዳ አልተነሱም። መንግሥታቸው ከ1969 ጀምሮ ደራሲ በድርሰቱ የሚያገኘውን ገቢ ከግብር ነጻ አድርጓል፤ ዛሬ ጣሪያው በዓመት 50,000 ዩሮ ነው። ለኪነ ጥበብ ገንዘብ የሚመድብ ምክር ቤት ከ1951 ጀምሮ አላቸው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቶቻቸው አባልነት በነጻ ነው፣ ከ2019 ወዲህ መጽሐፍ ያዘገየውን እንኳ አይቀጡም። ይህ ሁሉ በሌለበት "እነሱ ከቻሉ እኛ ምን አነሰን" ማለት ወጣቶቹን ተስፋ ያስቆርጣል። ባይሳካላችሁ ጥፋቱ የእናንተ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው የምለው።

ይሁን እንጂ ጅማም ባዶ አይደለችም። እኔ ልጅ ሆኜ መጽሐፍ በሳንቲም እየተከራየን ነበር የምናነብ። ለአንድ ሌሊት ተከራይተህ፣ በኩራዝ ጨርሰህ፣ ጠዋት ትመልሳለህ። ሦስት ወንድማማች ከሆናችሁ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሁለቱ ይሰማሉ። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን ስንት ልብ ወለድ ታውቅ ነበር! ጥጥ እየፈተለች "ቆይ፣ ያቺ ልጅ ምን ሆነች?" ትለናለች። ወንድሜ ደክሞት ካቆመ ቡና ታፈላለታለች፣ እንዲቀጥል።

ስለ ጊዜው ደግሞ፣ ግንቦት አትበሉ። የነሱ ግንቦት ብራ ነው፣ የኛ ጅማ ግንቦት ዝናብ ነው፣ አምና ቀምሳችሁታል። ጥር ይሻላል። ቡናው ተለቅሞ ያልቃል፣ ሰው እጁ ላይ ሳንቲም ይኖረዋል፣ መንገዱ ደረቅ ነው። የሂርማታ ገበያ ደግሞ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀው በሐሙስ ነው። ከገጠር ሰው የሚገባበትን ቀን ብትመርጡ ከተሜው ብቻ አይሆንም።

ሃዊ ጂሬን፦

ሰላም ሰብለ። በአፋን ኦሮሞ ግጥም እጽፋለሁ፣ ጂሬን ነው ያደግኩት። ቋንቋን የመጨረሻ ላይ አነሳሽው፣ ለኔ ግን የመጀመሪያው እሱ ነው።

እዚህ ከተማ ብዙ ዝግጅት ላይ ተጋብዣለሁ። ሁሉም አልቆ፣ ሰው ቦርሳውን ሲያነሳ "አሁን ደግሞ አንድ የኦሮምኛ ግጥም" ይባላል። ክፋት የለውም፣ አውቃለሁ። ግን ያማል። ከተማው ውስጥ ገበያ የሚወጣው ሰው ግማሹን ቀን በኦሮምኛ ነው የሚውለው፣ መድረኩ ላይ ሲሆን ግን እንግዳ እንሆናለን።

አየርላንዶቹን ካነሳችሁ ይህን ጉዳይ ከነሱ በላይ የሚያውቀው የለም። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ በሕገ መንግሥታቸው አንደኛው ነው፣ የዕለት ኑሮውን በሱ የሚኖረው ግን ጥቂት ነው። ማርቲን ኦ ካይን የሚባል የጎልዌይ አውራጃ ሰው በ1949 በዚያ ቋንቋ ልብ ወለድ አወጣ። ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ ሙታን ናቸው፤ መቃብር ውስጥ ሆነው ይነታረካሉ፣ ይተማማሉ፣ አዲስ ሬሳ በመጣ ቁጥር የመንደሩን ወሬ ይጠይቁታል። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ታትሞ የወጣው ግን በ2015 ነው። 66 ዓመት! የገዛ አገሩ አብዛኛው ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ስሙን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጎልዌይ ከተማ ላይ ከ1985 ጀምሮ የሚደረገው በዓልም ስሙ የአይሪሽ ነው፣ ኩርት ይባላል። በስም ብቻ ግን አይበቃም፣ ሰውም በቋንቋው መነበብ አለበት።

እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አንድ የአማርኛ፣ አንድ የኦሮምኛ እያላችሁ አቀላቅሉት፣ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ። ሁለቱንም የሚችል ሰው መሐል ይቀመጥና ሐሳቡን ለሌላው ይንገር፣ ግጥሙን ቃል በቃል መተርጎም አያስፈልግም። ሽማግሌዎችንም ጥሩ። አየርላንዶች ሻናኪ የሚሏቸው ተረት ነጋሪዎች አሏቸው፣ ያለ ወረቀት ነው የሚያወሩት፣ እንደ ደራሲ ይከበራሉ። የኛ አያቶችም ኦዱ ዱሪ፣ የድሮ ተረት ማለት ነው፣ ሲያወሩ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ይሰማል። አያቴን ይዤ እመጣለሁ፣ ቃል ነው።

ባለ በርጩማው፦

ሰብለ የጠቀሰችው እንጨት ሠሪ እኔ ነኝ። ብዙ አልጽፍም። ሁላችሁም ከአዲስ አበባ ማን ይምጣ እያላችሁ እንዳትጨነቁ። በዓሉ ግርማ የተወለደው እዚሁ አጠገባችን ኢሉባቦር ነው። ሊስቶዌሎች በኪን እንደሚኮሩት እኛ ለምን በሱ አንጀምርም? እያንዳንዱ ሰው ከሥራዎቹ የወደደውን አንድ ገጽ ይዞ ይምጣ፣ ያንብብ፣ ለምን እንደወደደው ይናገር። ደራሲ ካልመጣ አንባቢ አለ። ወንበር ከሆነ በርጩማ ከሱቄ አመጣለሁ። ሠላሳ ያህል አለኝ፣ ከጎረቤት ወርክሾፕ ደግሞ እጨምራለሁ።

ሰብለ ከኮቺ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእናትዎን ታሪክ ቡና ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የቤቱ እመቤት ጀበናውን እንደያዙ ቆመው ሰሙ፣ ከዚያ "እኔም እንደሳቸው ነኝ፣ እናንተ ስታነቡ ነው የምሰማው" አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አላወቅንም ነበር። ግብር ስላሉትም ገብቶኛል። ባይሳካ ልጆቹን አልወቅስም፣ ራሴንም።

ትናንት ተነጋግረን ወስነናል። ጥር ውስጥ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው ቡና ቤት ይሆናል። እመቤቲቱ ግቢያቸውንም ፈቅደውልናል፣ ቁልፉ በእጃቸው ነው። የማስተምረው ጠዋት ስለሆነ ከሰዓት እደርሳለሁ። ሃዊ፣ መክፈቻው ያንቺ ግጥም ነው፣ በኦሮምኛ። ከዚያ አያትሽ። አማርኛው ቀጥሎ ይመጣል። እባክሽ ግጥሙን ቀደም ብለሽ ላኪልኝ፣ ሐሳቡን ለሌላው የሚናገረውን ሰው እንድናዘጋጅ። ዳዊት፣ ሰልፍ ላይ ስላገኘሃቸው እናት በድምፅ ቀርጸህ ብትልክልን እናሰማለን፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ያቺን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ ጠየቅኳት፣ አሁን አሥረኛ ገብታለች። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ "በሩ የማን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ግጥሟ አሁንም በዚያው ፌስታል እንዳለ ነገረችኝ።