አስቸኳይ፦ ጉጉቷም ተኩላውም ሞተዋል፣ ዛሬ ማታ እንዴት እንቀጥል?

ዲኤም_ፒያሳ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ 12 ሰዓት ላይ ፒያሳ ተሰብስበን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን (በዳይስ የሚጫወቱት የምናብ ጀብድ) ካቆምንበት እንቀጥላለን፤ ዲኤሙ፣ ማለትም ጨዋታውን የምመራው፣ እኔ ነኝ። አንድ ፋየርቦል (የእሳት ኳስ ስፔል፣ ማለትም አስማት) የዊዛርዱን (የአስማተኛውን) ጉጉትና የሬንጀሩን (የጫካ ተዋጊውን) ተኩላ አንድ ላይ ጨረሳቸው። ዊዛርዱ "በሂሊንግ ፖሽን (ፈዋሽ መድኃኒት) አስነሳታለሁ" ይላል፤ ሬንጀሩ ደግሞ "እሷ ከተነሳች የኔም ይነሳ" ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ዋሻ ውስጥ ናቸው፣ ጠላት በሩ ላይ ነው። ምን ልበላቸው?

አራትኪሎ_ዳይስ፦
በየትኛው የሕግ መጽሐፍ ነው የምትጫወቱት? በፈረንጆቹ የ2014ቱ ወይስ የ2024ቱ? የተኩላው መልስ በዚያ ይወሰናል። ጉጉቷን በፖሽን ማስነሳት ግን በሁለቱም የለም፤ ኤችፒዋ (የሕይወት ነጥቧ) ዜሮ ሲገባ ትጠፋለች፣ ሬሳ እንኳ አትተውም። ጉጉቷን የሚጠራውን ስፔል፣ ፋይንድ ፋሚሊያርን፣ እንደገና ካስት ያድርግ (አስማቱን ይድገመው)።

ሰባደረጃ፦
እንደገና ካስት ያድርጋ። ሌላ መንገድ የለም።

የስፔል_መምህር፦
መጀመሪያ ልዩነቱን አስረዳቸው። ፋሚሊያር የእንስሳ መልክ የያዘ መንፈስ ነው፤ ለዚህ ነው ያችው ራሷ የምትመለሰው። የ2014ቱ ሬንጀር ተኩላ ግን ሥጋና ደም ያለው አውሬ ነው። ስለዚህ "እሷ ከተነሳች የኔም" የሚለው ክርክር አያስኬድም። ካስት ማድረጊያው በስፔል ስሎት (ከተወሰነው የአስማት ኮታው አንዱን አውጥቶ) 1 ሰዓት፣ በሪቿል (ረዘም ባለ ሥነ ሥርዓት) 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፤ በሪቿል ከሆነ ስሎት አይወጣም። በ2014ቱ ሕግ የ10 ወርቅ ሳንቲም ዋጋ ያለው ከሰል፣ ዕጣንና ቅጠላቅጠል በናስ ማንደጃ ላይ ነድዶ ያልቃል። በ2024ቱ የ10 ወርቅ ዕጣን ይበቃል። ኮምፖነንት ፓውች (የስፔል ዕቃዎች ከረጢት) አለኝ ቢልህ እንዳትቀበለው፤ ዋጋ የተጻፈበትንና የሚያልቅ ዕቃን አይተካም።

ቀበና_ሬንጀር፦
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ጉጉቷ እዚያ ምን ትሠራ ነበር? ኤችፒዋ 1 ነው፤ ሴቭ (ጉዳት መቀነሻውን ዳይስ) ብታልፍ እንኳ ግማሹ ዳሜጅ (ጉዳት) ይገድላታል። በአንድ ተራ 60 ጫማ ትበራለች፣ ማለትም ካርታው ላይ 12 ካሬ። 6 ካሬ ገብታ ሄልፕ ታድርግና (ጓደኛዋን ታግዝና) 6 ካሬ ትውጣ። ፍላይባይ የሚባል ችሎታ ስላላት ስትወጣ ኦፖርቹኒቲ አታክ (ከጠላት ስትርቅ የሚሰነዘር ምት) አያገኛትም፤ ከቀስትና ከፋየርቦል ግን አያድናትም። ከሄልፕ በኋላ ሁልጊዜ ከግድግዳ ጀርባ ትደበቅ።

ዲኤም_ፒያሳ፦
2014 ነው። ተኩላውስ? ሪቿሉን በሾርት ሬስት (በአጭር እረፍት) ላይ ልፍቀድለት?

ሰባደረጃ፦
ካስት ያድርግ አልኩህ እኮ፣ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ።

አራትኪሎ_ዳይስ፦
በ2014 ከሆነ ሬንጀሩ ጠላት ካልሆነ ሌላ አውሬ ጋር 8 ሰዓት ይቆራኛል፤ ዛሬ ማታ ዋሻው ውስጥ አይሆንለትም። በ2024ቱ ቢሆን ከሞተ 1 ሰዓት ሳይሞላ ነክቶት ስፔል ስሎት ቢያወጣ ከ1 ደቂቃ በኋላ ሙሉ ኤችፒ ይዞ ይነሳ ነበር። ልጁ ባዶ እጁን እንዳይቀመጥ ይህን ሕግ ብትዋስለት እኔ እደግፍሃለሁ።

የስፔል_መምህር፦
ያኛው ሕግ የሌላ መጽሐፍ ነው፣ ሕግ መቀላቀል አልወድም። ሾርት ሬስቱን በተመለከተ፣ 2014 ላይ በግልጽ ስላልተከለከለ ውሳኔው ያንተ ነው፤ 2024 ላይ ግን ከካንትሪፕ (ስሎት ከማይፈልግ ትንሽ ስፔል) በላይ የሆነ ስፔል ሬስቱን ያቋርጣል። ከሁሉ በፊት በሩን ይዝጉት። ረጅም ካስቲንግ እስኪያልቅ ድረስ ኮንሰንትሬሽን (ያልተቋረጠ ትኩረት) ይፈልጋል፤ ከተሰበረ ስፔሉ ይከሽፋል፣ ስሎቱ ግን አይወጣም።

ቀበና_ሬንጀር፦
ሌሎቹ ሬስት እያደረጉ ሬንጀሩ በሩን ይጠብቅ፣ ሥራ ይኖረዋል። ለመሆኑ የናስ ማንደጃው በዊዛርዱ ካራክተር ሺት (የገጸ ባሕርይው መረጃ ወረቀት) ላይ ተጽፏል?