ትንፋሽ ላይ ከፒያኖው ጋር መለያየት፦ ልቁረጥ ወይስ ይጠብቀኝ?

ሰላም፣ ከፒያኖ አጃቢ ጋር የመጀመሪያው የዘፈን ልምምድ ደርሶ አንድ ቦታ ላይ ተቸግሬያለሁ። ኖታው ከሲ ሜጀር ወደ ቢ ፍላት ወርዶ ተጽፏል፤ ሦስቱ ገጾች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል፤ ኮፒው የታችኛውን የባስ መስመር እንዳልቆረጠው አይቻለሁ። ትንፋሽ የምወስድባቸው ቦታዎች ላይ በእርሳስ ኮማ አለ።

ችግሩ ከሁለተኛው ስንኝ በፊት ነው። የመጨረሻውን ድምፅ አራት ምት ሙሉ ከያዝኩት መተንፈሻ አይተርፈኝም፤ እስካሁን የምለማመድበት የተቀዳ ፒያኖ ደግሞ አይጠብቅም፣ ጥሎኝ ይሄዳል። ሦስት ተኩል ምት ላይ ልቁረጠው? በደቂቃ 72 ምት ስለሆነ ግማሽ ምት 0.4 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ለጥልቅ ትንፋሽ ያንሳል። ወይስ ፌርማታ (ድምፁን ከምቱ በላይ ለማቆየት የሚጻፍ ምልክት) ልጻፍበት? ዜማውን እንዳያንቀራፍፈው እሰጋለሁ።

ቴምፖውንስ (የዜማውን ፍጥነት) ለአጃቢው በማጨብጨብ ልስጥ ወይስ የመጀመሪያውን ሐረግ በለሆሳስ ላንጎራጉርለት? ሁለተኛው የሚሻል ይመስለኛል፣ ማጨብጨብ ላይ ሰው ይቸኩላል።