ለሌሊት ሠራተኛ የሚሆን ርካሽ ሲም፦ ሊድስ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

ደሴ_ፒያሳ

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ናችሁ።

የ24 ወር ኮንትራቴ አልቋል። ቀፎው የራሴ ሆኗል፤ ከባንኬ ግን ዛሬም በየወሩ 34 ፓውንድ ይቆረጣል። የስልኩ ዋጋ ተከፍሎ ካለቀ ለምን አይቀንስም ብዬ ብደውል፣ ያነሳችው ልጅ በትሕትና አዲስ ስልክ ልትሸጥልኝ ሞከረች። የኩባንያውን ስም አልጠራም። ብቻ እነሱን ትቼ ሲም ብቻ ልገዛ ነው።

ምርጫው ግን አደናገረኝ። አብራኝ የምትሠራው ጋናዊት ሌባራ ትለኛለች። የቤተ ክርስቲያን ልጆች ጊፍጋፍ ይላሉ። ለንደን ያለው ወንድሜ ደግሞ ከስማርቲ ሌላ ስም አያውቅም። ሁሉም የያዘውን ነው የሚያመሰግነው።

የእኔ ሁኔታ እንዲህ ነው። ሥራዬ ኬር ሆም (የአዛውንት መጦሪያ) ነው፣ ሌሊት። ቦታው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ዋይፋዩም ለነዋሪዎቹ እንጂ ለእኛ አልተፈቀደም። ስለዚህ አዛውንቶቹ ተኝተው እረፍት ስወጣ ቴሌግራም የማየው በራሴ ዳታ ነው። በወር ከ12 እስከ 15 ጊጋ ይሄዳል። የምኖረው ሃርሂልስ፣ ተያይዘው ከተሠሩት የጡብ ቤቶች በአንዱ፣ የኋላ ክፍል ውስጥ። ቀን የምተኛው እዚያ ነው፤ ማናጀሬ ሰው ሲጎድልባት የምትደውለውም ያን ሰዓት ነው። ስልኬ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ካልተቀመጠ አይጠራም። ጥሪው ካመለጠኝ ሺፍቱን ሌላ ሰው ይወስደዋል።

ሌላው እናቴ ናት። ደሴ ነው ያለችው፤ የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም የለ፣ ኢሞ የለ። ሚስኮል ታደርጋለች፣ እኔ እደውላለሁ። አንዳንዱ ጥቅል «ዓለም አቀፍ ደቂቃ» አለው ተብሎ ይተዋወቃል። እሱ ለኢትዮጵያ ይሠራል?

ከ10 ፓውንድ በላይ ማውጣት አልፈልግም።


ቦሌ_በርሚንግሃም

ዓይንሽን ጨፍነሽ ስማርቲ ውሰጂ። እኔ ለቪዲዮውም ለምኑም የምጠቀመው እሱን ነው። ውሉ የወር በወር ስለሆነ ካልተመቸሽ ትተዪዋለሽ። ብዙ አታስቢ።


ጋሽ_መስመር

ቦሌ፣ ወንድሜ፣ በርሚንግሃም ጥሩ መሥራቱ ለሃርሂልስ የኋላ ክፍል ምን ይፈይዳል?

እህቴ፣ እኔ አገር ቤት ሳለሁ ቴሌ ነበርኩ፣ መስመር ጥገና። አሁን ለንደን ውስጥ በቫን ዕቃ አደርሳለሁ። የሰፈራችን ሰው ሲም ሊገዛ ሲል እኔን ያማክራል፤ እኔም ሁሌ መጀመሪያ የምላቸው፣ የሲሙን ስም ትታችሁ በማን ታወር እንደሚሠራ ጠይቁ ነው።

እኛ በዚህ ነገር መምረጥ አለመድንም። ሳፋሪኮም በ2022 እ.ኤ.አ. እስኪገባ ድረስ ቴሌ ከሌለ ምንም የለም፣ አለቀ። እዚህ መጥተን ሃያ ስም ስናይ ታዲያ ሃያ ኔትወርክ ያለ ይመስለናል። እንግሊዝ አገር የራሳቸው ኔትወርክ ያላቸው አራት ናቸው፤ ኢኢ፣ ኦቱ፣ ቮዳፎንና ስሪ። ከእነሱም ቮዳፎንና ስሪ ሜይ 31 ቀን 2025 ተዋህደዋል፤ ግን ታወሮቻቸውን ማጣመሩ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ለጊዜው ለየብቻ ቁጠሪያቸው። የቀረው ሁሉ ተከራይ ነው።

ማን ማን ጋ ተከራየ? ጊፍጋፍ፣ ቴስኮ ሞባይልና ስካይ ኦቱ ላይ ናቸው። ሌባራ፣ ቮክሲ፣ ቶክሞባይልና አስዳ ቮዳፎን ላይ። ስማርቲና አይዲ ስሪ ላይ። ላይካ፣ ስፑሱና ዋንፒ ሞባይል ኢኢ ላይ። ላይካ ድሮ ኦቱ ላይ ነበር፣ ወደ ኢኢ የዞረው በ2023 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ሞክሮት «ላይካ እኛ ሰፈር እንዲህ ነው» የሚልሽ ሰው ካለ ወሬው አርጅቷል።

ተከራዩ በባለቤቱ ታወር ይሠራል ማለት ግን በሁሉም ነገር እኩል ነው ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ ላይ የዳታው ፍጥነት ገደብ አለው፣ ወይም ሰው ሲበዛ ቀድሞ የሚቀንሰው የእነሱ ደንበኛ ላይ ነው። ስታዲየም በር ላይ ብትቆሚ ልዩነቱን ታዪው ነበር። በሌሊት ኬር ሆም ውስጥ ማን ሊሻማሽ! ለአንቺ ይኼ ብዙም አያሳስብም።

አንቺ የጠቀስሽው ሁለት ቦታ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ የተለያየ ችግር ነው። ቤትሽ ያለው የጥሪ ችግር ነው። ያከራየሽ ሰው ብሮድባንድ ካለው ይኼ በዋይፋይ ኮሊንግ ይፈታል፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ታበሪዋለሽ፣ ከዚያ ጥሪው በቤቱ ኢንተርኔት ይገባል፣ ስልኩም ትራስሽ አጠገብ ሆኖ ይጠራል። ቁጥርሽ ያው ነው፣ ማናጀርሽ ምንም የምትጭነው አፕ የለም፣ ስትደውዪም የሚቆረጠው ከመደበኛ ደቂቃሽ ነው። ጥንቃቄው፣ ርካሾቹ ሁሉ ይህን አገልግሎት አይሰጡም፤ የሚሰጡትም ለተወሰኑ የስልክ ዓይነቶች ብቻ ሊሆን ይችላል። ከመግዛትሽ በፊት የስልክሽን ሞዴል ጠቅሰሽ ጠይቂ።

ቤቱ በዚህ ከተፈታ የሚቀረው ኬር ሆሙ ነው። እዚያ ዋይፋይ ስለሌለሽ ምርጫውን መምራት ያለበት እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያደርገዋል፤ ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ሲም ይመርጥና ግማሽ ቀኑን የሚያሳልፍበትን ቦታ ይረሳል።

ለመፈተኑ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው የኦፍኮም ድረ ገጽ ላይ ፖስት ኮድ ስታስገቢ የአራቱንም ሽፋን ያሳይሻል። መነሻ ይሆናል፤ ካርታ ግን የጡብ ግድግዳሽን ውፍረት አያውቅም። እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። ቡና ስታፈዪ የሚመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ የኋላ ክፍል እያስገባሽ አስደውያቸው፣ ዋይፋያቸውን አጥፍተው። የማንን ሲም እንደያዙ ጻፊ። ሥራ ቦታም ባልደረቦችሽን እንደዚሁ። ከዚያ የተሻለውን ኔትወርክ ሲም እዘዢ፤ ብዙዎቹ ሲሙን በነጻ በፖስታ ይልካሉ። ስልክሽ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ የድሮውን ሳታወጪ ጎን ለጎን ትሞክሪዋለሽ።

ስልኩን የገዛሽው ከየት ነው? የጠየቅሁሽ በምክንያት ነው። እዚህ አገር 3ጂ የሚባለው የቆየ ኔትወርክ ተዘግቷል። ስለዚህ ስልክሽ በ4ጂ መደወል ካልቻለ ጥሪው ወደ 2ጂ ይወርዳል። ስሪ የራሱ 2ጂ የለውም፤ እንዲህ ያለ ስልክ ይዞ ስማርቲ ወይም አይዲ የሚያስገባ ሰው ዳታ እያለው ጥሪ ሊያጣ ይችላል። ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ስልክ ላይ ይኼ ጉዳይ ይነሳል። እዚህ የተገዛ ከሆነ ግን ብዙም አትጨነቂ። ከዲሴምበር 2021 ወዲህ ደግሞ ኩባንያዎቹ የተቆለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ተከልክለዋል፤ የአንቺ ከዚያ በኋላ ከሆነ ማንኛውንም ሲም ይቀበላል።

ዋጋ፦ ለ15 ጊጋ ያህል 10 ፓውንድ አይሞላም፣ እንዲያውም ተርፎሽ ታገኚያለሽ። «የመጀመሪያዎቹ ወራት በሳንቲም» የሚለውን ማስታወቂያ ስታዪ ዓይንሽ ከሥሩ ያለው ትንሿ ጽሑፍ ላይ ይሁን። የአንቺ ዋጋ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። በ30 ቀን የሚታደስ እንጂ የ12 ወር ውል አትፈርሚ፤ ለአንድ ፓውንድ ቅናሽ ብለሽ ዓመት ሙሉ መታሰር አያዋጣም። ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ወዲህ በሚፈረም ውል ላይ «ከዋጋ ንረቱ ጋር ይጨምራል» ማለት ቀርቷል፤ የሚጨምሩ ከሆነ ስንት ፓውንድ ከስንት ፔንስ እንደሚጨምሩ ስትፈርሚ መንገር አለባቸው።

ስለ እናትሽ። ዓለም አቀፍ ደቂቃ ሲሉሽ የአገሮቹን ዝርዝር ክፈቺና 251 ፈልጊ። ኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ አገር ደግሞ በቀጥታ ሲደወል በደቂቃ የሚቆርጠው አይጣል ነው። እኔ ሁለቱን ነገር አላቀላቅልም። ሲሜ ለዚህ አገር ነው፤ ወደ አገር ቤት የምደውለው እንደ ሬብቴል ባለ፣ መደበኛ ስልክ ላይ በሚያስጠራ አፕ ነው። እናትሽ 09 ትያዝ 07፣ ኢንተርኔት አያስፈልጋትም፣ ቁልፏን ተጭና ሃሎ ማለት ብቻ ነው። የደቂቃውን ዋጋ ግን ከሁለት ሦስት አፕ አወዳድሪ፣ ይለያያል።


ግላስጎ_አዲስ_ገቢ

ይቅርታ ጥያቄ ላይ ጥያቄ ጨመርኩ። ጋሼ፣ እኔ ገና መምጣቴ ነው። አንድ ሱቅ ገብቼ ሲም ስጠይቅ ክሬዲት ቼክ (የብድር ታሪክ ምርመራ) አላለፍክም ተባልኩ። ለሲም ብቻ እንዲህ ይደረጋል?


ቡና_ሳሎን

ግላስጎ፣ ጋሼ እስኪመጡ እኔ ልመልስልህ። የጠየቁህ የኮንትራት ሲም ስለሆነ ነው። ቅድሚያ ተከፍሎ በ30 ቀን የሚታደሰውን፣ ጊፍጋፍን ሌባራን የመሰለውን ብትወስድ ክሬዲት ቼክ የለበትም። የጥገኝነት ኬዝ ላይ ከሆንክና ገቢ ከሌለህ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ሂድና «ናሽናል ዳታባንክ አላችሁ ወይ» በላቸው። በ2021 ኦቱና ጉድ ቲንግስ ፋውንዴሽን የጀመሩት ነው፤ መክፈል ለማይችል ሰው ዳታ ያለበት ሲም በነጻ ያድላሉ። ሁሉም ቤተ መጻሕፍት የለውም፤ ያለበትን ይጠቁሙሃል። እኔ በጎ ፈቃደኛ የሆንኩበት ማዕከል ይሰጣል፣ የእኛ ልጆች ግን እምብዛም አይጠይቁም። ማፈር ነው መሰለኝ።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የምታገኙ ካላችሁም ለእናንተ ብቻ የተዘጋጀ ርካሽ ጥቅል ያላቸው አሉ፣ ቮክሲና ስማርቲ አላቸው። «ሶሻል ታሪፍ» ብላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም።


ደሴ_ፒያሳ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ቡናው ሳይደርስ ሁሉንም በተራ እያስገባሁ «ሃሎ» አስባልኳቸው። ቶናው ላይ እነሱም ተወዳድረው ነበር።

የኋላ ክፍሉ ላይ አራቱም ደካማ ናቸው፤ ጥፋቱ የግድግዳው ነው። ኬር ሆሙ ውስጥ ግን እረፍት የምንወጣበት ክፍል ጋ ኦቱ በጣም ጥሩ ነው፤ ከሁለት ባልደረቦቼ ስልክ ላይ ቪዲዮ ከፍቼ አየሁት። አከራዬ ብሮድባንድ አለው፣ ስልኬም እዚሁ የተገዛ ነው። ስለዚህ ኦቱ ላይ ካሉት አንዱን፣ ዋይፋይ ኮሊንግ ለስልኬ ሞዴል መኖሩን አረጋግጬ፣ የወር በወር ልወስድ ነው። ምናልባት ጊፍጋፍ።

እማዬን በአፕ ደወልኩላት። ቁጥሩ አዲስ ስለመሰላት መጀመሪያ አላነሳችም። የጎረቤት ልጅ ተልኮ «እሷ ናት አንሺ» ካላት በኋላ አወራን።

የቀረኝ ቁጥሬ ነው። ባንኩም፣ ጂፒው ሐኪሜም፣ የኢሚግሬሽኑ ሆም ኦፊስም ያላቸው ይኼንኑ ቁጥር ነው። እንዴት ነው ይዤው የምሄደው? መጀመሪያ ደውዬ ኮንትራቱን ላቋርጥ?


ጋሽ_መስመር

እንዳትደውዪ! ቀድመሽ ካቋረጥሽ ቁጥሩ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ደግሞም ከደወልሽ ያቺ ትሑት ልጅ አዲስ ስልክ ትሸጥልሻለች።

መጀመሪያ ከድሮው ሲም INFO ብለሽ ወደ 85075 ላኪ፤ የቀረ የውል ክፍያ ካለ ይነግርሻል። ከዚያ ቁጥርሽን የምታዛውሪበትን ኮድ ለማግኘት PAC ብለሽ ወደ 65075 ላኪ። እነዚህን ሁለት ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፊያቸው። ኮዱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይመጣልሻል፣ ለ30 ቀን ያገለግላል። አዲሱን ሲም ከፍተሽ፣ መሥራቱን አይተሽ፣ ኮዱን ለአዲሱ ኩባንያ ትሰጫለሽ። ቁጥርሽ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ይዞራል፣ የድሮው ውል በራሱ ይዘጋል። ባንክሽ ላይ ያለውን ዳይሬክት ዴቢት (በየወሩ በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ) የመጨረሻው ሂሳብ ሳይከፈል አትሰርዢው።

ኮዱን ዓርብ ዕለት አትስጪ። ቅዳሜና እሑድ የሥራ ቀን ስላልሆኑ እስከ ሰኞ ትንጠለጠያለሽ። በሚዞርበት ቀን ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ስልኩ ዝም ሊል ይችላል፤ የባንክ ኮድም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ሺፍት የማትጠብቂበትን ቀን ምረጪ፣ የቤት ኪራይም ያን ቀን አትላኪ። ሲዞር ስልኩን አጥፍተሽ አብሪው፣ ዋይፋይ ኮሊንጉንም እንደገና ማብራትሽን እዪ፤ ሲም ሲቀየር አንዳንዴ ራሱ ይጠፋል።