የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ታርጋ ለምን ይለያያል?

የሰሚት ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ወደዚህ አካባቢ ገና መምጣቴ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ጋ አርፌያለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ ታርጋ አይቼ መኪናው የማን እንደሆነ እለይ ነበር። ቀዩ ኮድ 1 ታክሲ፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የቤት፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት። ጎኑ ላይ አአ፣ ኦሮ ወይ አማ ይል ነበር፣ አለቀ። እዚህ ግን የሜሪላንድ መኪና ላይ ብቻ ሦስት ዓይነት አየሁ፦ ነጭ በጥቁር፣ ባንዲራ ያለበት፣ ሰማዩ ላይ እሳት የሚፈነዳበት። የዲሲው ደግሞ ስለ ግብር ይጮሃል። ትርጉም አለው ወይስ ጌጥ ነው? መኪና ልገዛ ነው፣ እባካችሁ አስረዱኝ።

ጡረተኛ ባለታክሲ፦
እንኳን ደህና መጣህ። የዲሲውን ለኔ ተውልኝ።

እኔ ስመጣ በዘጠናዎቹ የዲሲ ታርጋ ላይ የነበረው ጽሑፍ ቱሪስት የሚጋብዝ ነበር፣ ኑና ጎብኙን ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ላይ ተቀየረና "ያለ ውክልና ግብር" የሚለው መጣ። አሜሪካኖች በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ሲያምፁ ያነሱት አቤቱታ ነው። ሐሳቡን ያመጣችው አንዲት የከተማዋ ነዋሪ ናት አሉ፣ በሬዲዮ ፕሮግራም ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዲሲ ሰው የፌዴራል ግብር እንደማንም ይከፍላል። ሴናተር ግን የለውም። በታችኛው ምክር ቤት ያለው አንድ ተወካይ ብቻ ነው፣ ያውም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ የማይሰጥ። ፕሬዚዳንት መምረጥ እንኳ የተፈቀደለት በ1961 በጸደቀ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ዜግነቴን ወስጄ፣ ግብሬን ከፍዬ፣ አቤት የምልበት ሴናተር ማጣቴ ያናድደኝ ነበር። ስለዚህ ያንን ታርጋ የቤት መኪናዬ ላይ ስለጥፈው ደስ ብሎኝ ነው። (የታክሲው ሌላ ነው፣ በኤች ፊደል ይጀምራል።) ከሌላ ስቴት የመጣ ተሳፋሪ በመስኮት የሌላውን መኪና ታርጋ እያነበበ "ይሄ ምንድን ነው?" ይለኛል። ከናሽናል ኤርፖርት እስከ ካፒቶል ሂል ድረስ አስተምረው ነበር። አንዳንዱ ቲፕ ጨምሮ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ስልኩን ያያል።

ቤተ መንግሥቱም ተጣልቶበታል። ክሊንተን ሊወጡ ሲሉ የፕሬዚዳንቱ መኪና ላይ አስለጠፉት። ቡሽ እንደገቡ አስነሱት። ኦባማ የመጀመሪያውን ዘመን ዝም ብለው ከረሙና በጥር 2013፣ ሁለተኛውን ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ሲሉ፣ መለሱት። ለዚያ አራት ዓመት እኔ በግሌ ተቀይሜያቸዋለሁ። በ2017 ደግሞ ከተማዋ ከፊቱ አንድ ቃል ጨመረች፣ "ይብቃ" አለች። ሴናተሩ ግን እስካሁን የለም።

የማርታ እናት፦
ጋሼ፣ የሜሪላንዱን እኔ ልንገረው። ነጭ በጥቁር ሆኖ መሀሉ ላይ ጋሻ ያለበት ከ1986 ጀምሮ የነበረው ነው። እሳት የሚፈነዳበት አሜሪካና እንግሊዝ የተዋጉበት የ1812ቱ ጦርነት 200ኛ ዓመት መታሰቢያ ነው፤ ሥዕሉ ባልቲሞር ያለው ምሽግ፣ ፎርት ማክሄንሪ፣ ሲደበደብ ነው። ከ2010 እስከ 2016 ሰው ሁሉ መኪና ሲያስመዘግብ የሚሰጠው እሱ ነበር። ከ2016 ወዲህ የስቴቱ ባንዲራ ያለበት ይሰጣል።

ጉዱን ስሙ እንግዲህ። የመታሰቢያው ታርጋ ግርጌ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ አለ። በዓሉ አለፈ፣ አድራሻውን ማንም አላደሰው፣ ሌላ ሰው ወሰደው። በ2023 በዜና ሲነገር ለካ ያንን አድራሻ የከፈተ ሰው የሚገባው የፊሊፒንስ የቁማር ድረ ገጽ ውስጥ ነው! ወደ 800 ሺህ የሚጠጋ መኪና ይዞት ይዞር ነበር። የኔዋም አለችበት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የማቆማት መኪና የቁማር ማስታወቂያ ሆና ከረመች። ባለቤቴ በጥቁር ፕላስተር እንሸፍነው ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ ታርጋ መሸፈን ፖሊስ ይጠራል።

አሌክሳንድሪያ ነኝ፦
የቨርጂኒያ ቀላል ነው። ነጭ ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ። በ2007 የጄምስታውን፣ እንግሊዞች መጀመሪያ በቋሚነት የሰፈሩበት ቦታ፣ 400ኛ ዓመት ነበር፣ 1607–2007 የሚል ታርጋ አሁንም አልፎ አልፎ ታያለህ። እዚህ ደስ የሚለው ታርጋው ላይ የመረጥከውን ቃል ማጻፉ ነው፣ በዓመት 10 ዶላር ብቻ ይጨመርብሃል። ለዚህ ነው የሰፈራችንን የሐበሻ መኪና በርቀት የምለየው፤ ግማሹ የትውልድ ከተማውን በላቲን ፊደል ጽፎ ለጥፏል።

የሰሚት ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እትዬ፣ ሁላችሁም። አሁን የተከራየሁት ቤት ቨርጂኒያ ነው። ግን የዲሲውን ታርጋ ወደድኩት፣ እሱን ማውጣት እችላለሁ?

ጡረተኛ ባለታክሲ፦
አትችልም ልጄ፣ የምታወጣው የምትኖርበትን ነው። መኪናውን እዚያው ከሻጭ ድርጅት ከገዛህ ወረቀቱን አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ይጨርሱልሃል። ሜሪላንድ ያለ ዘመድህ መኪናውን ከሰጠህ ግን ቨርጂኒያ በገባህ በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግበው። ደግሞ ሁለት ታርጋ ነው የሚሰጡህ፣ ፊትና ኋላ። የፊቱን ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጦ የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው፤ አንተ በብሎን እሰረው።