የቀድሞ ታራሚዎችን የሚያግዝ ሩጫ እያዘጋጀን ነው፤ ሁለት ነገር አከራከረን

ማለዳ ሯጭ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከማረሚያ ቤት የወጡ ሰዎችን መልሶ ለማቋቋም የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ልናካሂድ ነው። እነሱም ይሮጣሉ። ግማሾቻችን ለየት ያለ ቀለም ያለው ቲሸርት ለብሰው መድረክ ላይ ታሪካቸውን ይናገሩ እንላለን። ሌላው ጥያቄ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ምን ላይ ቢውል ይሻላል?

ደጋፊ፦
ኧረ ቲሸርቱ ይቅርባችሁ! ገና ዩኒፎርም ማውለቁ ነው እኮ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይልበስ።

ወጥቻለሁ፦
እኔ ታስሬ የወጣሁ ነኝ። ታሪክህን ተናገር ሲሉኝ እምቢ ማለት ይከብደኛል። የሚጠይቁኝ የረዱኝ ሰዎች ናቸዋ! ስለዚህ እሺ ማለቴን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። ፎቶው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ይቀራል። ነገ ቀጣሪ ያየዋል፣ የተበዳይ ቤተሰብም ያየዋል። ከመድረክ ይልቅ ሥራ ስጡን፤ ምዝገባ፣ ውኃ ማደል፣ ሰዓት መያዝ። ከአዘጋጆቹ መሃልም አስገቡን።

ማለዳ ሯጭ፦
ገባኝ። ግን ስፖንሰሩ ታሪክ ካልሰማሁ አለ። ምን ይሻላል?

የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፦
ሰውየውን ሳይሆን ችግሩን አሳዩት። መታወቂያ የሌለው ሰው የባንክ ሂሳብ መክፈት፣ ቤት መከራየት፣ ሥራ መቀጠር ይቸግረዋል። ይኼ ራሱ በቂ ታሪክ ነው።

ስለ ገንዘቡ፣ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ እስረኞች አያያዝ ያጸደቃቸውን የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ተመልከቱ። ደንብ 108 ለሚፈታ ሰው የሚያስፈልገውን ይዘረዝራል፦ ሰነድና መታወቂያ፣ መጠለያና ሥራ፣ ለአየሩ የሚስማማ ልብስ፣ ወደ መድረሻው የሚሄድበትና ከተፈታ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚሻገርበት ገንዘብ። ከዚህ ውስጥ አንድ ወይም ሁለቱን ብቻ ምረጡ። የመረጣችሁትንም ሰው ከመመዝገቡ በፊት አሳውቁ። ሁሉንም እናደርጋለን ካላችሁ ገንዘቡ ይበተናል።

ሒሳብ ያዥ፦
የተለየ ሂሳብ ክፈቱ፣ ወጪ በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን። የቲሸርትና የድምፅ ማጉያ ወጪ ገቢውን እንዳይበላው ቀድማችሁ ጣሪያ አስቀምጡለት። ከሩጫው በኋላ የገባውንም የወጣውንም ለተሳታፊው አሳዩ።

ደጋፊ፦
አንድ የረሳችሁት ነገር። በአመክሮ የወጡ ካሉ ከአካባቢ አለመራቅ ወይም በሰዓት ቤት መግባት የሚል ግዴታ ሊኖርባቸው ይችላል። ቀንና ቦታ ከመቁረጣችሁ በፊት እነሱኑ ጠይቁ።

አሠልጣኝ፦
ከሩጫው በፊት የጋራ ልምምድ ጀምሩ። ወዳጅነቱ የሚመጣው እዚያ ነው፤ የአንድ ጠዋት ሩጫ ብዙም አያቀራርብም። መራመድ ለሚፈልግም ቦታ ይኑር። ለነገሩ አትናቋቸው፤ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሳን ክዊንቲን እስር ቤት ታራሚዎች ግቢውን 105 ጊዜ እየዞሩ ማራቶን ይጨርሳሉ።

ማለዳ ሯጭ፦
ተባረኩ። ቲሸርቱም መድረኩም ቀርቷል። ገንዘቡን ለመታወቂያና ለመጓጓዣ እናውለዋለን። ፎቶ አንሺውን ግን እንዴት እናድርገው?

ወጥቻለሁ፦
መነሳት የማይፈልግ ሰው ሲመዘገብ ምልክት ያድርግ። ይኼ ለሁሉም ሯጭ ይሁን፣ ለኛ ብቻ እንዳታደርጉት። ፎቶ አንሺው ደግሞ ፎቶውን ከመልቀቁ በፊት ዝርዝሩን ያመሳክር።