ውቃቢዬ ርቆኛል፤ ሐሳብ ከየት ነው የሚመጣው?

ሚኪ ሸገር፦
ሰላም ቤተሰብ። ግጥም እጽፋለሁ፣ አልፎ አልፎም የግጥም ምሽት ላይ አቀርባለሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። አንዱ ጓደኛዬ «ላንጋኖ ሂድ» ይለኛል፣ ሌላው «ጫት ሞክር» ይላል፣ አንዷ ደግሞ «ፍቅር ይያዝህ» ብላ ትስቅብኛለች። ትልልቆቹ ሰዎች፣ ሠዓሊውም ሳይንቲስቱም፣ ሐሳቡን ከየት ነው የሚያመጡት? ቁጭ ብለው ይጠብቁታል ወይስ ሄደው ይፈልጉታል? «ከላይ የሚሰጥ ጸጋ ነው» የምትሉኝ ከሆነ ይቅርብኝ፣ እሱን እናቴም ነግራኛለች።

ደበሎ ለባሽ፦
ወንድሜ፣ ቅኔ ቤት ውለህ ብታውቅ ይህን አትጠይቅም ነበር። ተማሪው ቆጠራ ይወጣል። ዛፍ ሥር ወይ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ይቀመጥና ደበሎውን ተከናንቦ ቃል ሲያገላብጥ ይውላል። ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል፣ እሳቸውም ያርሙታል። «ዛሬ አልመጣልኝም» የሚባል ነገር የለም። ጀማሪ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ናት። ከዚያ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፣ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የዕለቱ በዓል ርእሱን ይሰጠዋል፤ ሰሙን ግን ራሱ ነው የሚፈልገው፣ የገበሬ ሞፈርም ሆነ የጎረቤት ጠብ ሰም ይሆነዋል። ትናንት የተዘረፈውን ዛሬ መድገም ደግሞ ነውር ነው።

ጉንጭ አልፋ፦
የኔታ፣ አብሾውን ለምን ዘለሉት? የቅኔ ተማሪ አብሾ ጠጥቶ ነው አእምሮው የሚከፈት ሲባል አይደል ያደግነው?

ደበሎ ለባሽ፦
ይባላል፣ የጠጡም ነበሩ። አብሾ ማለት ዳቱራ ነው፣ መርዝ ነው። ያቃዣል፣ ልብ ያስመታል፣ ይገድላልም። ሚኪ፣ እንዳትሞክረው!

ቀለም ነሽ፦
ከዲሲ ነኝ፣ ሥዕል እሠራለሁ። ሠዓሊውን እስክንድር ቦጎሲያንን እይልኝማ። አዲስ አበባ ተወልዶ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ለንደን፣ ቀጥሎ ፓሪስ ሄደ። ፓሪስ ላይ የፖል ክሌንና የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራ አየ፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን ጸሐፊዎች ጋር ዋለ። ይህን ሁሉ አይቶ ሸራው ላይ ምን መጣ? የእኛው የደብተራ ክታብ! ክታብ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በታማሚው ቁመት ልክ የተዘጋጀ ረጅም ብራና፣ ጠልሰሙ (የመከላከያ ሥዕሉ) መሀል ደግሞ ከየትም ብትቆም አፍጥጦ የሚያይህ ዓይን። በኋላ ከሸራም አልፎ ቆዳና የዛፍ ልጥ ላይ ሠርቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ፓሪስ ያደረገችለት ቤት ውስጥ ያለውን ነገር በሌላ ዓይን እንዲያየው ነው። ስለዚህ ላንጋኖውን ተወውና ከአያትህ ሙዳይ ጀምር።

ባለ ጠመኔው፦
ሳይንቲስት ስላልክ ነው የገባሁት። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሄንሪ ፖንካሬ የራሱን ነገር ጽፎታል። 15 ቀን ያህል በየቀኑ ጠረጴዛው ላይ እየተቀመጠ አንድ ነገር ሲታገል ከረመ። አንድ ማታ ያልለመደውን ጥቁር ቡና ጠጥቶ እንቅልፍ እምቢ አለው፣ ሐሳቡ እየተጋፋ ሲመጣ አደረና ጠዋት የመጀመሪያውን ውጤት ጻፈ። ከዚያ ለጉዞ ወጣ፣ ሥራውንም ረሳው። ኩታንስ የምትባል ከተማ ላይ በፈረስ የሚሳብ ኦምኒባስ ሊሳፈር እግሩን ደረጃው ላይ ሲያሳርፍ ትልቁ መልስ ድንገት ፍንትው አለለት፤ ገብቶ ተቀመጠና የጀመረውን ወሬ ቀጠለ! ማረጋገጡን ቤቱ ሲመለስ ነው የሠራው። ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ኦምኒባሱን ብቻ ያወራል፣ 15 ቀኗን ይዘላታል። እሱ ራሱ ግን ያለዚያ ልፋት የሚመጣ ነገር እንደሌለ አጥብቆ ነው የጻፈው። ዕረፍትም ያስፈልጋል፣ አልካድኩም፤ ግን ያልደከመ ሰው ከምኑ ነው የሚያርፈው? ቡናው ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል።

ሚኪ ሸገር፦
እሺ፣ ተቀመጥኩ እንበል። ስቆጥር ውዬ የሚወጣው ገለባ ቢሆንስ?

ደበሎ ለባሽ፦
ገለባ ነው የሚሆነው እንጂ! የኔታ ለምን ያርማሉ ታዲያ? አንተ ግጥም ምሽት ላይ የምታነበው ለጭብጨባ ነው፣ የሚያርምህ ሰው የለህም፤ እኔ የማየው ችግር እሱ ነው። ነገ ማታ ሁለት ቤት ብቻ ጽፈህ እዚህ ለጥፍ። ስለ ዝናብም ይሁን ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ግድ የለም።

ቀለም ነሽ፦
እኔም አያለሁ።

ጉንጭ አልፋ፦
እኔ ማረም አልችልም፣ ግን በደንብ እስቃለሁ። ለጥፍ በቃ።