ቅጠል የተቀረፀበት ክላሲክ ሶፋ ማሰራት ፈልጌ፣ ምን ትሉኛላችሁ?

ሮቢት_ሰፈር፦
ሰላም ያገሬ ልጆች፣ ደሴ ነኝ፣ ሳሎናችን 4 በ5 ነው እና እነዛ የድሮ የፈረንሳይ ሶፋዎች አሉ አይደል እግራቸው እንደ እንስሳ እግር ጎበጥ ያለ፣ ክንዱ ላይ ቅጠል የተቀረፀበት፣ ስልኬ ላይ አይቼው ልቤን ወሰደው። ጨርቁን ቬልቬት፣ ቀለሙን የክረምት ጦሳ ተራራ አረንጓዴ አስቤያለሁ። ያናገርኩት ሰራተኛ ግን በኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ በሚሰራው ጣውላ) ሰርተን ወርቅማ እንቀባዋለን አለኝ፣ እናቴ ደግሞ አረቢያን መጅሊስ ይሻላል እንግዳ ይበዛል ትላለች። ግራ ገባኝ።

የቦርከና_አናጢ፦
እህቴ አብሽሪ። ኮምቦልቻ እንጨት ስራ ላይ ነኝ። ለእግር ኤምዲኤፍ እንዳትቀበዪ፣ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል ብሎንም አይዝም፣ የደሴን ክረምት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ዋንዛ በዪው፣ ለቅርፅ እሺ የሚል እንጨት ነው፣ ቫርኒሽ ብቻ ከተቀባ ይበቃዋል። ግን መድረቁን በአይንሽ ሳታዪ ቀብድ አትክፈዪ፣ እርጥብ ከሆነ ቤትሽ ከገባ በኋላ ነው የሚጣመመው። ያ ጎባጣ እግር በ1700ዎቹ በሉዊ 15ኛ ጊዜ የገነነ ነው፣ ቅጠሉም አካንተስ የሚባል የሜዲትራኒያን ተክል ነው፣ ግሪኮች የአምድ ራስ ላይ ይቀርፁት ነበር። እኔ ብሆን በሱ ፈንታ የወይራ ዝንጣፊ ነው የማስቀርፀው፣ አናጢ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ቅጠል ሲቀርፅ እጁ ሌላ ነው። ደግሞ ክንዱና እግሩ ላይ ብቻ ይሁን፣ መደገፊያው ልሙጥ ይቅር፣ 4 በ5 ሳሎን ሁሉም ቦታ ቅርፅ ከሆነ ያፍናል።

እማማ_ሰኞ_ገበያ፦
ልጄ ቬልቬቱ ለደሴ ብርድ ጥሩ ነው፣ ሌዘር ጠዋት ሲቀመጡበት ይቀዘቅዛል። ግን ቡናው የሚፈላው ሳሎን ከሆነ አመዱም ፈንድሻውም እላዩ ላይ ነው፣ የመቀመጫው ልብስ በዚፕ የሚወልቅ ይሁን እኔ የተሰፋ አሰርቼ እስካሁን ይቆጨኛል። ጨርቁም በአንድ አቅጣጫ ይቆረጥ፣ አለዚያ ፀጉሩ ወዲያና ወዲህ ተኝቶ ሁለት አይነት አረንጓዴ ይመስላል።

ጦሳ_ስር፦
የእናትሽንም ስሚያቸው እንጂ። መጅሊስ ዝቅ ይላል፣ ጉልበት ለሚያማቸው መነሳቱ ይከብዳል፣ ሶፋው ከመሬት 45 ሳንቲ ቢሆን ይመቻቸዋል። ስፖንጁ ዴንሲቲው (ጥግግቱ) በሜትር ኩብ ከ30 ኪሎ አይነስ። ለእንግዳው ደግሞ በዛው ጨርቅ ሁለት ዱካ አሰሪ።

ሮቢት_ሰፈር፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! እማ ዱካውን ስነግራት እሺ አለች ጉልበቷን እኮ አላሰብኩትም ነበር። ቅዳሜ እንጨቱን ላይ እሄዳለሁ፣ የወይራ ዝንጣፊ ቆርጬ ይዤለት።